ባለዘጠኝ ጣቷ መብራት

«ንቀዪው! አንቺ ልጅ፣ ንቀዪው እኮ ነው የምልሽ!»

ቲቸር ይህን ብለው ሲጮኹ ከታቀፉት የመጻሕፍት ካርቶን ግማሹ መሬት ላይ ተዘረገፈ። እታለም ግን ገመዱን ከሶኬቱ አልነቀለችም። ጣቷ ማብሪያው ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች። ከፊቷ፣ ዋጋ በሚለጠፍበት ረጅም ጠረጴዛ ላይ፣ ከነሐስ የተሠራች ሴት ዓይኗን ገልጣ ትመለከታታለች።

ሳትበራ እንቅልፍ የወሰዳት ነበር የምትመስለው። ክንድ የምታህል ምስል ናት፤ ቀሚሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የወረደ፣ ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ ሰብስባ አንድ ነገር ከንፋስ የምትከልል የምትመስል፣ አንገቷን ወደ ጎን ዘንበል ያደረገች። መብራት መሆኗን የሚናገረው ከእግሯ ሥር የሚወጣው በጨርቅ የተሸፈነ የድሮ ገመድ ብቻ ነበር። እታለም አምፖሉ የሚገባበትን ቦታ ፍለጋ ስታገላብጣት ቆይታ፣ በመጨረሻ የፀጉሯ ጉንጉን እንደ ድስት ክዳን ሲነሳ አገኘችው። አምፖሉ የሚገባው ጭንቅላቷ ውስጥ ነው። ሲበራ ታዲያ ብርሃኑ በቀጭኑ ከተሰነጠቁት የዓይን ቆቦቿ ሾልኮ ይወጣል፤ የተኛችው ሴትዮ ትነቃለች።

«ይቺ መብራት አይደለችም» አሉ ቲቸር፣ የወደቁትን መጻሕፍት መልቀም ረስተው። «ምስክር ናት።»

«ቲቸር ደግሞ! የነሐስ አሻንጉሊት ፈሩ?»

«ዕድሜ ልኬን ክፍል ውስጥ ቆሜያለሁ፣ እታለም። እንዲህ የምታይ ተማሪ አጋጥማኝ ታውቃለች። አንድም ጥያቄ አላት፣ አንድም ነገር አይታለች።»

እታለም ሳቀችባቸው፤ ግን ገመዱን ነቀለችው። ዓይኖቹ ሲከደኑ ሳቋም አብሮ ጠፋ።

እውነተኛ ስሟ እታለም አይደለም። እናታቸው ስትሞት ገና የሚድኸውን ታናሽ ወንድሟን አዝላ ያሳደገች እሷ ናት፤ ልጁ «እታለም፣ እታለም» እያለ ቀሚሷን ይዞ ሲከተላት የሰማ ሰፈር ሁሉ እታለም ብሏት ቀረ። የምትተዳደረው በልብስ ስፌት ነው። ባዛሩ በሚዘጋጅበት ሰሞን ግን የስፌት መኪናዋን ሸፍና አዳራሹ ውስጥ ትከርማለች። ለኩላሊት እጥበት የሚከፍሉት ላጡ ሕሙማን መርጃ የሚውል የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ነው። ሰው የማይፈልገውን ያመጣል፤ እነ እታለም ያጥባሉ፣ ይጠግናሉ፣ ዋጋ ይለጥፋሉ። ኤሌክትሪክ ነክ ነገር ደግሞ በርቶ ሳይታይ አይሸጥም።

ባዛሩ አንድ የቆየ ደንብ አለው፤ ሰጪ አይጠየቅም። የተሸራረፈ ሳህን ያመጣም ይሁን ሙሉ ሶፋ ያስጫነ፣ ስምህ ማን ነው የሚለው የለም። የሚያውቀው ቢኖር እንኳ አይናገርም። ድሃው እንዳያፍር፣ ሀብታሙም እንዳይጎርር ተብሎ የወጣ ደንብ ነው፤ እታለም ከሁሉም አብልጣ የምትወደውም ይህንኑ ነበር።

ስለዚህ መብራቷን ማን እንዳመጣት ቲቸር አልጠየቁም፣ እሷም አልተናገረችም። በሆዷ ግን ደስ ብሏት ነበር። ያመጣው ወንድሟ ነው፤ ከእሷ መቀበል እንጂ ለሌላ መስጠት ያልለመደው ወንድሟ። አንዲት አሮጊት ቤት አስታማሚ ሆኖ ከተቀጠረ ወዲህ ሰው ሆነልኝ እያለች ለጎረቤት ትናገር ጀምራለች። ጠዋት መብራቷ ያለችበትን ካርቶን በጓሮ በር አስገብቶ፣ «የማስታምማቸው እማማ ልጃቸው ዘንድ ጠቅልለው ሄዱ። ዕቃቸውን ስጥልኝ ብለውኛል» አላት። ፊቱ አመድ መስሏል። ሻይ እንኳ ሳይቀምስ ሊወጣ ሲል አንዴ ዞሮ ካርቶኑን አየና፣ «ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርገሽ አስቀምጫት» ብሏት ሄደ። የደከመው ሰው ወሬ ነው ብላ ተወችው።

ቲቸር መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መብራቷን እያገላበጡ ነው።

«የግራ እጇ ትንሽ ጣት ተሰብሯል። ዋጋዋ ይቀንሳል።»

እታለም ቦታውን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ስብራት ይሻክራል፤ ይህ ግን ልሙጥ ነው፣ የተሸፈነ ቁስል ይመስላል። «አልተሰበረም። መጀመሪያውኑ ጣት አልተሠራላትም።»

«የፋብሪካ ስህተት?»

«እርስዎ አይደሉም እንዴ የታሪክ መምህሩ? ይንገሩኛ።»

«ይኸው ልነግርሽ ነው። ይቺ ከአንድ ትልቅ ቤተ መንግሥት—» አሉና ግርጌዋን ሲገለብጡ ቀልዱ አፋቸው ላይ ቀረ። ማኅተም የለም፣ ቁጥር የለም፣ የተሠራችበት አገር ስም የለም። «ፋብሪካ አይደለም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ፋብሪካ ሲሠራ ቆንጆ ቆንጆውን ነው የሚሠራው። ይቺ አገጯ ላይ ኪንታሮት አለባት። አንደኛው ቅንድቧ ከሌላው ከፍ ብሏል። የሆነች ሴትዮ ናት፣ እታለም። የሆነ ሰው ያውቃታል።»

ምንነቱ ላልታወቀ ዕቃ ባዛሩ የራሱ መላ ነበረው። ፎቶው «ይህ ምን ይሆን?» ተብሎ የባዛሩ ገጽ ላይ ይወጣል፤ ሰው ይገምታል፣ ይቀልዳል፣ ሲቀልድ ቆይቶም ሳያስበው ገዢ ይሆናል። እታለም ሁለት ፎቶ አነሳች፤ አንዱ ተኝታ፣ አንዱ ነቅታ። ከሥሩ የአዳራሹን ስልክ ጽፋ ለቀቀችው።

ወዲያው ቀልዱ ጎረፈ። «አማቴ ናት፤ ስንፈልጋት ነው የከረምነው።» «ሚስቴ ስልኬን ስትበረብር።» «ስንት ትላላችሁ? ለሌባ መከላከያ እገዛታለሁ።» ቲቸር እያንዳንዱን ጮክ ብለው እያነበቡ በሳቅ ሲፈርሱ የአዳራሹ ስልክ ጠራ።

«ባዛሩ ነው?» የሴት ድምፅ ነው፣ ትንፋሽ ያጠረው።

«አዎ፣ ምን እንርዳዎት?»

«ያቺ መብራት... ፎቶዋን አሁን ሰው ላከልኝ። እባክሽ እህቴ፣ የግራ እጇን ጣቶች ቁጠሪልኝ።»

እታለም መቁጠር አላስፈለጋትም። «አራት ናቸው። ትንሿ ጣት የለችም። ተሰብራ መስሎን ነበር።»

«አልተሰበረችም። እናቴ ናት። አባቴ ብረት አቅላጭ ነበር፤ እሱ ነው የሠራት። እናቴ ልጅ ሆና ትንሿን ጣቷን በር ቆርጧታል። አባቴ ጣትሽን ልሙላልሽ ቢላት፣ እኔን ከሠራህ እኔኑ ሥራኝ አለችው። ልጅ ሆኜ እፈራት ነበር። እናቴ ግን እሱ ከሞተ ወዲህ አንድም ሌሊት ያለሷ ተኝታ አታውቅም። ቤቷን ትሰጣለች እንጂ ያቺን መብራት አትሰጥም። ማን ነው ያመጣላችሁ?»

«እናትሽ አንቺ ዘንድ አይደሉም እንዴ?»

ቃሉ ከአፏ አመለጠ። ቲቸር ቀና ብለው አዩዋት።

«እኔ ዘንድ? እኔ ዘንድ ነች ያለሽ ማነው?»

«አይ... እንዲያው ልጅ ካላቸው ልጅ ዘንድ ይሆናሉ ብዬ ነው።»

«እኔ ሌላ ከተማ ነኝ፤ መንገድ ልጀምር መኪና እየጠበቅኩ ነው። ስልኳን አታነሳም። የሚያስታምማት ልጅ፣ ተኝታለች፣ እየታጠበች ነው፣ እያለ ሲሸኘኝ ከረመ። አሁን ደግሞ የእሱም ስልክ ተዘግቷል። ጎረቤት ብልክ በሩ ከውጭ ተቆልፏል አሉኝ። እለምንሻለሁ፣ ማን እንዳመጣት ብቻ ንገሪኝ።»

እታለም የሰማችው የራሷን ድምፅ ነበር፣ የሌላ ሰው ይመስል። «እኛ ጋ ሰጪ አይጠየቅም። ደንባችን ነው። አናውቅም።»

ስልኩን አስቀመጠች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እሷ ደግሞ አለመጠርጠርን እንደ ፍቅር ስትቆጥር ነው የኖረችው። የገረጣ ፊቱን አይታ ነበር። ሻይ እምቢ ማለቱን አይታ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጊያት ሲላትም ሰምታ ነበር። ሁሉንም ሆድ ይፍጀው ብላ አልፋዋለች።

«ታውቂዋለሽ» አሉ ቲቸር።

«ደንቡን ያውቁት የለ?»

«ደንቡን ያወጣነው ለሰጪ ክብር ነው፣ ልጄ። ለሌባ መሸሸጊያ አይደለም።»

ሌባ የሚለው ቃል እንደ ጥፊ አረፈባት። ወደ ጓሮ ወጥታ፣ ወንድሟ ለእሷ ብቻ የሰጣትን ሌላ ቁጥር ደወለች። ሁለቴ ጠርቶ ቆመ። ደገመችው። አነሳ።

«ፎቶዋን አይቼዋለሁ» አለ። «ለምን ለጠፍሽው፣ እታለም? መጣሁ። ለማንም እንዳትሰጫት።»

እስኪመጣ ድረስ እታለም ሥራ ያዘች። የተጣበቀ ዚፕ አላቀቀች፣ የወላለቀ ቁልፍ ተከለች። መርፌው ሁለት ጊዜ ጣቷን ወጋት። ሰርቋቸው ይሆናል፣ እያለች ታስባለች። ቤታቸውን ቆልፎ እየተመላለሰ ዕቃቸውን እየሸጠ ይሆናል። ግን ሴትየዋስ? ሀሳቧ እዚያ ላይ ሲደርስ ወደ ዚፑ ትመለሳለች። ቲቸር አንድ የጠረጴዛ ልብስ አንስተው መብራቷን ሸፈኗት፤ ለምን እንደሸፈኗት ግን አልተናገሩም።

ወንድሟ በጓሮ በር ገባ። ትከሻው ሰፊ፣ መልኩ የሕፃን የሚመስል ወጣት ነው። ዓይኑ ጎድጉዷል። እታለም ክንዱን ይዛ የተሰቀሉ ካፖርቶች ከሚደረደሩበት ጀርባ ወሰደችው።

«መብራቷን መልሽልኝ» አለ ሰላም እንኳ ሳይላት። «በስህተት ነው ያመጣኋት። እማማ ይፈልጓታል።»

«እማማ የት ናቸው?»

«ነገርኩሽ እኮ። ልጃቸው ዘንድ።»

«ልጃቸው ደውላ ነበር።»

አጠገቡ የተሰቀለውን የካፖርት እጅጌ ጨብጦ ያዘ። «እህታቸው ዘንድ ማለቴ ነው። ገጠር እህት አለቻቸው፣ እሷ መጥታ—»

«አትዋሸኝ! አዝዬ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ፤ ስትዋሽ ጆሮህ እንደሚቀላ ካንተ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። ሰርቀሃቸው ነው? እሱ ከሆነ ንገረኝ፣ እንመልሳለን። የስፌት መኪናዬን ሸጬም ቢሆን እንመልሳለን።»

«መርፌ አልወሰድኩም፣ እታለም። በእናታችን አፈር! ከዚያ ቤት ያወጣሁት እሷን ብቻ ነው።»

«ታዲያ እሷን ለምን?»

«ታየኛለች።»

እታለም ጠበቀች። ወንድሟ ካፖርቱን ለቀቀና እዚያው የልብስ ክምር ላይ ተቀመጠ። ሲናገር ወደ እሷ አያይም ነበር።

«ማታ ማታ የዘበኝነት ሥራ ይዤ ነበር። ልጃቸው ሌሊት ጥለሃቸው እንዳትወጣ ብላኛለች። እሳቸው ግን መድኃኒታቸውን ከወሰዱ አይነቁም። ተነስተው እንዳይወጡ ከውጭ እቆልፍባቸዋለሁ፣ ሲነጋጋ እመለሳለሁ። ማን ያውቃል ብዬ ነው። አንድ ቀን ስመለስ መሬት ላይ ናቸው። አልጋውና ግድግዳው መሀል። ሌሊቱን ሙሉ ሲጠሩኝ አድረዋል መሰለኝ፣ ድምፃቸው ተዘግቷል።»

«ከዚያስ?»

«አነሳኋቸው። እግራቸው ከዳሌያቸው ጀምሮ አብጧል። ማስታገሻ ሰጠኋቸው፣ ይሻላቸዋል ብዬ። ሐኪም ብጠራ መቼ ወደቁ ይላል። ማን ነበር ይላል። ነገ እጠራለሁ እያልኩ ነገ ሲመጣ ደግሞ ትናንት ለምን አልጠራህም ሊሉኝ ነው። እንዲህ እያለ ቆየ። አሁን አይበሉም። ውሃ በማንኪያ ነው የምሰጣቸው። ማታ ሲሆን አብራልኝ ይሉኛል። ሳበራላቸው ያቺ ዓይኗን ታፈጥብኛለች፣ እሳቸውም ያፈጡብኛል። ሁለት ሆነው፣ አንድ ዓይነት ፊት ይዘው። አልቻልኩም፣ እታለም።»

«በሕይወት አሉ?» ሌላው ሁሉ ከጆሮዋ ጠፋ። «ሴትየዋ በሕይወት አሉ ነው የምትለኝ?»

«ጠዋት ይተነፍሱ ነበር።»

«እና መብራታቸውን ነጥቀህ ጨለማ ውስጥ ቆለፍክባቸው?»

ወንድሟ እጇን ያዘ። «እስከ ማታ ብቻ ታገሺኝ። ብዙ አይቆዩም። ያረጀ ሰው ናቸው፤ ያረጀ ሰው ሲሞት ማንም ማንንም አይጠይቅም። ከዚያ ለልጃቸው እኔው እደውላለሁ፣ በእንቅልፋቸው አረፉ እላታለሁ። ላንቺም ለእኔም እሱ ነው የሚሻለው።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እታለም ግን ይህን አልፈራችም ነበር፤ እስከዚህ የሚደርስ ፍርሃት አልነበራትም። እጇን ከእጁ አላቀቀች። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሟን ጠላችው።

«ሌባ በሆንክ ይሻለኝ ነበር» አለችው። «ተነሳ። ቁልፉን አምጣ።»

ቲቸር ከካፖርቶቹ ማዶ ቆመው ነበር። ምን ያህሉን እንደሰሙ ፊታቸው ይናገራል። ስልካቸውን አውጥተው ይዘዋል።

«አምቡላንስ ይጥሩልኝ፣ ቲቸር» አለች። ወደ ወንድሟ ዞረች። «አድራሻውን ንገራቸው።»

ወንድሟ አንገቱን ደፋ። ቲቸር እንደ ድሮው ክፍል ውስጥ እንደቆሙ ሁሉ ጣታቸውን አነሱና፣ «የቤቱን ቁጥር፣ አንተ ልጅ» አሉት። በሹክሹክታ ነገራቸው። ቲቸር ደውለው ሲጨርሱ ቦርሳዋን አቀበሏትና፣ «አብሬሽ ልምጣ?» አሏት።

«አይ። የራሴ ጉድ ነው።»

«እንግዲያው ሩጪ።»

ታክሲው ውስጥ ሹፌሩ ስለ መንገዱ መጨናነቅ ሲያማርር፣ ወንድሟ በየትራፊክ መብራቱ የበሩን እጀታ ይነካል፤ እሷ ደግሞ በየመብራቱ የጃኬቱን ጫፍ ጨብጣ ትይዛለች። ልጅ ሆኖ አስፋልት ሲሻገሩ እንዲሁ ነበር የምትይዘው።

ቤቱ ጠባብ መንገድ ላይ ነው። አረንጓዴ የብረት በር፣ አጥሩ ላይ የደረቀ ሐረግ፣ በሩ ላይ የተንጠለጠለ ትልቅ ቁልፍ። አምቡላንሱ ገና አልደረሰም። ወንድሟ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፤ መክፈቱን ግን ተወው። ቁልፉን ተቀብላ ራሷ ከፈተችው።

ውስጡ መድኃኒትና ያልታጠበ ጨርቅ ይሸታል። መጋረጃዎቹ ሁሉ ተዘግተዋል። ሳሎኑን አቋርጣ በከፊል የተገረበበውን የመኝታ ቤት በር ገፋችው። ከአልጋው ራስጌ ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ፣ አቧራው መሀል፣ መብራቷ የነበረችበት ክብ ቦታ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። አልጋው ላይ ያለው ሰውነት ከብርድ ልብሱ ሥር ያለ አይመስልም። ፊቱን ግን ታውቀዋለች። አንደኛው ቅንድብ ከፍ ያለ፣ አገጩ ላይ ኪንታሮት ያለበት፣ ወደ ጎን ዘንበል ያለ ፊት፤ ጠዋት በእጇ ስታገላብጠው የነበረው ያው ፊት ነው፤ ነሐሱ ሥጋ ሆኖ፣ ከስቶና ተሰነጣጥቆ። የግራ እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ነው። አራት ጣት።

ሞተዋል ብላ አሰበች። ሐዘን ሳይሆን ድንጋጤ ነበር የያዛት፤ ተንበርክካ ጆሮዋን ወደ አፋቸው አስጠጋች።

«እማማ» አለች። «እማማ፣ ይሰሙኛል?»

ዓይናቸው ተገለጠ። እንደ ነሐሷ ሴት በአንዴ አልነበረም፤ መጀመሪያ አንዱ፣ ቆይቶ ሌላው። ወደ እታለም አዩና ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«አብሪልኝ» አሉ።

እታለም ዘላ ተነስታ መጋረጃውን በሁለት እጇ ገለጠችው፤ የቀትር ብርሃን ክፍሉን ሞላው። ከጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ አግኝታ ንጹሕ ውሃ ቀዳች፣ የመሐረቧን ጫፍ ነክራ ከንፈራቸውን አረጠበችላቸው። አሮጊቷ መሐረቡን እንደ ሕፃን ጠቡት። የዚያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው።

«አይዞዎት። ሐኪም እየመጣ ነው። ልጅዎም መንገድ ላይ ነች።»

ወንድሟ መኝታ ቤቱ ውስጥ አልገባም። ሳሎኑ ውስጥ፣ የውጭው በር አጠገብ ቆሟል።

«ይኸው በሕይወት አሉ» አለ በለሆሳስ። «ይድናሉ። እኔ ልሂድ፣ እታለም። ጎረቤት ነኝ በያቸው፤ በሩ ክፍት ሆኖ አገኘሁት በያቸው። እኔን ማሳሰር ለእሳቸው ምን ይጨምርላቸዋል? ላንቺስ ምን ይጨምርልሻል? ካንቺ በቀር ማን አለኝ?»

አዋቂ ነው፤ የት ላይ እንደሚይዛት ያውቃል። ትምህርት ቤት መስኮት ሰብሮ ሲሸሽ፣ ለዲሬክተሩ አሞት ተኝቷል ያለችው እሷ ናት። የመጀመሪያ አሠሪው ከሥራ ጠፋብኝ ብሎ ቤት ሲመጣ፣ እሱ አልጋ ሥር ተኝቶ አላየሁትም ያለችው እሷ ናት። እናት የሌለው ልጅ ነው እያለች በየበሩ ስትቆምለት ኖራለች። በየበሩ ስትቆም እሱ በጓሮ ሲወጣ ኖሯል።

ስልኳ ጠራ። ቲቸር ቁጥሯን ለልጅየዋ ሰጥተዋት ኖሯል።

«እናቴ ጋ ደረሳችሁ? የባዛሩ ሰውዬ ሰው ሄዷል ብለውኛል። እባክሽ—»

«በሕይወት አሉ። ወድቀው ነው፤ እግራቸው ተጎድቷል፣ በጣም ደክመዋል። ግን ያወራሉ። አምቡላንስ ተጠርቷል።»

ከወዲያ በኩል ረጅም ለቅሶ ተሰማ። እታለም ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ከመንገዱ ጫፍ የአምቡላንሱ ጩኸት ይሰማ ጀምሯል።

«አንቺ ማን ነሽ?» አለች ልጅየዋ ለቅሶዋን እየዋጠች። «እግዜር ይስጥሽ፣ ማን ልበልሽ?»

«የአስታማሚው እህት ነኝ።»

ለቅሶው ቆመ። «የእሱ እህት? እሱስ? ያ ልጅ የት ገባ?»

ወንድሟ እጁ የበሩ መዝጊያ ላይ ነበር። ወደ እሷ ዞሮ ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። ድምፅ ሳያሰማ፣ በከንፈሩ ብቻ፣ የለም በያት አላት። ፊቱ ያኔ አልጋ ሥር ሆኖ ሽቅብ ያያት የነበረው የልጁ ፊት ነው፤ አንጀቷን በላው።

«እዚሁ ነው» አለች እታለም። «ራሱ ይንገርሽ።»

ሳሎኑን አቋርጣ ሄደችና ስልኩን ወደ ወንድሟ ዘረጋች። እስኪቀበላት ድረስም እጇን አልመለሰችም።